ፕሮግራሞችን በሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ መጫን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች ይመለከታሉ። ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ «ሲ»፣ ሁለተኛውን «ዲ» እያልን እንጠራለን፤ የእርስዎ ሁለተኛ ዲስክ ሌላ ፊደል ይዞ ከሆነ በዚያው ይተኩት።

ፕሮግራምን ከ«ሲ» ሌላ በሆነ ዲስክ ላይ መጫን ይቻላል?

ይቻላል። አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ሲጫኑ የሚቀመጡበትን ፎልደር ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው «ከስተም» ወይም «አድቫንስድ» የሚለውን አማራጭ ለመረጠ ሰው ብቻ ነው። «ኔክስት»ን ደጋግሞ እየነካ የሚያልፍ ሰው ፕሮግራሙን «ሲ» ላይ ባለው «ፕሮግራም ፋይልስ» ፎልደር ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የመጫኛውን እያንዳንዱን ገጽ ያንብቡ፤ «ብራውዝ» ወይም «ቼንጅ» የሚል ቁልፍ ሲያገኙም ድራይቩን ወደ «ዲ» ይቀይሩ። ሌላ ዝግጅት አያስፈልግም፤ ዴስክቶፕ ላይ የሚቀመጠው ሾርትከት ራሱ አዲሱን ቦታ ያውቀዋል።

ፕሮግራሙን «ዲ» ላይ ጭኜው እያለ «ሲ» መሙላቱን ያላቆመው ለምንድን ነው?

የዊንዶውስ ፕሮግራም በአንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ ስላልሆነ ነው። በመጫኛው ላይ የሚመርጡት ቦታ የሚወስነው ዋና ዋናዎቹ ፋይሎች የት እንደሚገቡ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ክፍሎች ዊንዶውስ አስቀድሞ በወሰነላቸው ስፍራ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ የት እንዳለ፣ የትኞቹን የፋይል ዓይነቶች እንደሚከፍትና በምን እንደሚራገፍ የሚገልጸው መረጃ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ይጻፋል። ለሁሉም ተጠቃሚዎች የጋራ የሆኑ ፋይሎች «ፕሮግራም ዳታ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምርጫዎችና ጊዜያዊ ክምችቶች ደግሞ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ሥር «አፕ ዳታ» ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው እንደ ዶት ኔትና ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ያሉ አጋዥ ክፍሎችም ከ«ሲ» አይወጡም። በ«ኤምኤስአይ» መልክ የሚመጡ መጫኛዎች በበኩላቸው ለጥገናና ለማራገፍ የሚያገለግል ቅጂ በ«ዊንዶውስ» ሥር ባለው የተደበቀ «ኢንስቶለር» ፎልደር ያስቀራሉ። ይህ ፎልደር ሲያብጥ በእጅ መሰረዝን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ምክሩን የተከተለ ሰው ፕሮግራሞቹን ማዘመንም ሆነ ማራገፍ ሊያቅተው ይችላል።

በተጨማሪም ብዙ መጫኛዎች የታመቁትን ፋይሎች መጀመሪያ የሚፈቱት «ሲ» ላይ ባለው የ«ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት «ዲ» ላይ 400 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው፣ «ሲ» ላይ ግን 1 ጊጋባይት ብቻ የቀረው ኮምፒውተር በቂ ቦታ የለም ብሎ ጭነቱን ቢያቋርጥ የሚያስገርም አይደለም። ከባድ ፕሮግራም ከመጫንዎ በፊት «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ» ገብተው ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጽዱ። ዊንዶውስን በቅርቡ ወደ አዲስ እትም አሳድገው ከሆነ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባለውን የቀድሞ ቅጂ እዚያው ያገኙታል፤ ዊንዶውስ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፣ ወደ ቀድሞው እትም የመመለስ ሐሳብ ከሌለዎት ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

ኮምፒውተሬ «ሲ» እና «ዲ» አለው። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በአገራችን ኮምፒውተር የሚጠግኑ ባለሙያዎች አንዱን ሃርድ ዲስክ ለሁለት ከፍለው ዊንዶውስን በ«ሲ»፣ የባለቤቱን ሰነድ፣ ፎቶና ፊልም በ«ዲ» ማድረግን ልማድ አድርገውታል፤ ዓላማው ዊንዶውስ ሲበላሽ «ሲ»ን ብቻ ፎርማት አድርጎ የቀረውን ማትረፍ ነው። እውነቱን ለማወቅ «ታስክ ማናጀር»ን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። «ዲስክ 0» በሚለው ሥር ሁለቱ ፊደላት አብረው ከተጻፉ ዲስኩ አንድ ነው፤ «ዲስክ 0» እና «ዲስክ 1» ለየብቻ ከታዩ ሁለት ናቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ ዲስክ ለሁለት ቢከፈል ፍጥነት አይጨምርም፤ ዲስኩ ራሱ ሲሞትም «ሲ» እና «ዲ» አብረው ይሄዳሉ። ዲስክዎ አንድ ሆኖ «ሲ» በጠባብ ተመድቦ ከሆነ፣ ለምሳሌ 60 ጊጋባይት ብቻ ተሰጥቶት ከሆነ፣ ፕሮግራሞችን በየቦታው ከመበተን ይልቅ ድንበሩን አስፍቶ «ሲ»ን ማሳደግ የተሻለ መፍትሔ ነው። የዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» «ሲ»ን የሚያሰፋው ከጎኑ ተከትሎ ያልተመደበ ባዶ ቦታ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ «ዲ» ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ክፍሉን ማጥፋት ይጠይቃል። የ«ዲ» ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ሳይኖር ይህን ሥራ መጀመር አይገባም።

አዲስ ዲስክ አስገጥሜያለሁ፤ ነገር ግን «ዚስ ፒሲ» ውስጥ አይታይም። ምን ላድርግ?

አዲስ ዲስክ ሳይዘጋጅ አይታይም። «ስታርት»ን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ይክፈቱ። ዲስኩን እንዲያስጀምሩ ሲጠየቁ «ጂፒቲ» የሚባለውን የዲስክ አከፋፈል ይምረጡ፤ የቀድሞው «ኤምቢአር» ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አያስችልም። ከዚያ ባዶውን ቦታ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» በሚለው በኩል ፊደል ይስጡትና በ«ኤንቲኤፍኤስ» ፎርማት ያድርጉት። ፕሮግራም የሚጫንበት ዲስክ «ፋት 32» ወይም «ኤክስፋት» መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነውን የፈቃድ ሥርዓት አያውቁም፣ «ፋት 32» ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ዲስኩ ቀድሞ ያገለገለና ፋይል ያለበት ከሆነ ግን «ፎርማት ይደረግ» ለሚለው ጥያቄ እሺታዎን አይስጡ። በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ከገመዱ፣ ከመሰኪያው ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዕቃዎቹን ከሚለይበት ከባዮስ ነው።

«ዲ» ላይ የትኛው ፎልደር ውስጥ ልጫን?

አንድ ፎልደር ይክፈቱ፣ አጭር የላቲን ፊደል ስም ይስጡት፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምም በውስጡ የየራሱ ንዑስ ፎልደር ይኑረው። የፎልደር ስም በአማርኛ መጻፍ ለሰነድ ምንም ችግር የለበትም፤ ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ግን ዩኒኮድን (የዓለም ፊደላትን ሁሉ የሚይዘውን የኮምፒውተር አሠራር) ስለማያነቡ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ መንገድ ሲያጋጥማቸው ሳይከፈቱ ይቀራሉ፣ መንስኤውን ፈልጎ ማግኘትም ያደክማል።

ከስሙ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው የፈቃድ ጉዳይ ነው። «ሲ» ላይ ያለውን «ፕሮግራም ፋይልስ» ዊንዶውስ ስለሚጠብቀው፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሌለው ሰውም ሆነ ቫይረስ በውስጡ ያለውን ፋይል መቀየር አይችልም። እርስዎ «ዲ» ላይ የሚከፍቱት ፎልደር ግን በተለመደው አሠራር በኮምፒውተሩ ላይ መለያ ያለው ተጠቃሚ ሁሉ ሊጽፍበት የሚችል ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚጠቀምበት የቤት ኮምፒውተር ይህ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። ብዙ ሠራተኞች በሚፈራረቁበት የቢሮ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን የፎልደሩን «ፕሮፐርቲስ» ከፍቶ፣ «ሴኪዩሪቲ» በሚለው ገጽ ተራ ተጠቃሚዎች እንዲያነቡና እንዲያስነሱ ብቻ መፍቀድ ያስፈልጋል። ጸረ ቫይረስን፣ የመረጃ ቋት ሰርቨርን፣ በአጠቃላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አብሮ የሚነሳ ማንኛውንም ፕሮግራም ደግሞ ከ«ሲ» ባያወጡት ይሻላል፤ እንዲህ ያለውን ፋይል በሌላ መተካት የቻለ ሰው የኮምፒውተሩ አዛዥ ይሆናል።

ቦታ ሳይጠይቁ በቀጥታ «ሲ» ላይ የሚጫኑትን ምን ማድረግ ይቻላል?

ማይክሮሶፍት ኦፊስ ከ2013 እትም ወዲህ በተለመደው መጫኛው ቦታ አያስመርጥም፤ ጉግል ክሮምም እንዲሁ። እነዚህን በግድ ለማዛወር ከመታገል ትቶ ማለፍ ይሻላል። የሚይዙት ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ በእነሱ ምክንያት «ሲ» ሞላ የሚባል ከሆነ ሌላ የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው።

ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርዱት ሌላ ሥርዓት አላቸው። «ሴቲንግስ» ውስጥ በ«ስቶሬጅ» ሥር አዳዲስ አፖች የት እንደሚቀመጡ የሚወስን ገጽ አለ፤ በዊንዶውስ 11 «አድቫንስድ ስቶሬጅ ሴቲንግስ» በሚለው ውስጥ ያገኙታል። እዚያ «ዲ»ን ከመረጡ በኋላ ዊንዶውስ በዚያ ዲስክ ላይ «ዊንዶውስ አፕስ» የሚባል የተቆለፈ ፎልደር ይፈጥራል፤ እንዳይነኩት። ይህ ምርጫ የሚመለከተው የስቶር አፖችን ብቻ ነው፤ ከድረ ገጽ ያወረዱት መጫኛ አይታዘዘውም።

«ሲ» ላይ የተጫነውን ፕሮግራም ቆርጬ «ዲ» ላይ ብለጥፈውስ?

አይሠራም። ሬጅስትሪው አሁንም የሚያውቀው የቀድሞውን ቦታ ስለሆነ ፕሮግራሙ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ተከፍቶ በመሀል ይቆማል፣ ማራገፍም ያስቸግራል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን አራግፎ በአዲሱ ቦታ እንደገና መጫን ነው። ከማራገፍዎ በፊት የፈቃድ ቁልፉ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ፈቃዳቸው በኮምፒውተር ቁጥር የተገደበ ፕሮግራሞችን መጀመሪያ ከውስጥ «ዲአክቲቬት» ማድረግ፣ ማለትም ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስት ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉ። የስቶር አፖችን የተጫኑ አፖች ከሚዘረዘሩበት ገጽ «ሙቭ» በሚለው ቁልፍ ማዛወር ይቻላል፣ ምንም እንኳ ሁሉም ባይፈቅዱ። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫና መጫኛ ፕሮግራም የተጫኑ ጌሞች ከስቲም ሳይወጡ ወደ ሌላ ዲስክ ይዛወራሉ። ከዚፕ ተፈትተው ብቻ የሚሠሩ፣ «ፖርተብል» የሚባሉ ፕሮግራሞች ደግሞ መጫን ስለማያስፈልጋቸው ወደፈለጉበት ይገለበጣሉ፤ ቪኤልሲና ሊብሬ ኦፊስ በዚህ መልክ ይገኛሉ።

ፎልደሩን ወደ «ዲ» አዛውሮ በቀድሞው ቦታ «ጃንክሽን» የሚባል ማገናኛ መተውስ?

ይሠራል፤ «ኤንቲኤፍኤስ» የሚፈቅደው ነገር ነው። ፕሮግራሙ ፎልደሩ «ሲ» ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ፋይሎቹ ግን የሚነበቡት ከ«ዲ» ነው። ፕሮግራሙ ቦታ ሳያስመርጥ ለሚፈጥረውና ለገዘፈ አንድ ፎልደር፣ ለምሳሌ አይቱንስ ለሚያስቀምጠው የአይፎን ባክአፕ፣ ጥሩ መላ ነው። ዘዴውን በ«ዊንዶውስ» ፎልደር፣ በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ወይም በ«ዩዘርስ» በሙሉ ላይ መሞከር ግን የዊንዶውስን ማሻሻያ ሊያሰናክል ይችላል። በሬጅስትሪ ውስጥ የ«ፕሮግራም ፋይልስ»ን አድራሻ ወደ «ዲ» መቀየርም እንዲሁ ነው፤ ማይክሮሶፍት ይህን ለውጥ እንደማይደግፍ አስታውቋል።

ዊንዶውስን ፎርማት ባስደርግ «ዲ» ላይ የጫንኳቸው ፕሮግራሞች ይተርፋሉ?

ፋይሎቹ ይተርፋሉ፣ ፕሮግራሞቹ ግን በአብዛኛው አይተርፉም። ሰዎች ፕሮግራምን «ዲ» ላይ ለመጫን ከሚያነሳሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ተስፋ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። «ሲ» ሲጠፋ ሬጅስትሪው፣ «ፕሮግራም ዳታ»፣ «አፕ ዳታ» እና የጋራ አጋዥ ክፍሎቹ አብረው ይጠፋሉ። አዲሱ ዊንዶውስ «ዲ» ላይ የቆየውን የአውቶካድ ወይም የፎቶሾፕ ፎልደር ያየዋል፣ ግን አያውቀውም፤ ባለቤቱም ቤቱ ቆሞ ካርታው የጠፋበት ሰው ይሆናል። በተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አይኖርም፣ ፈቃዱም አይታወቅም፤ ስለዚህ የቀድሞውን ፎልደር አጥፍቶ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

የስቲም ጌሞች ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው። ስቲምን እንደገና ጭነው በ«ዲ» ላይ ያለውን ላይብረሪ ሲያሳዩት ጌሞቹን ከነበሩበት ያነሳቸዋል፤ በገዙት ዳታ በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ደግሞ ከማውረድ መዳን ቀላል ነገር አይደለም። «ፖርተብል» የተባሉትም እንደነበሩ ይሠራሉ። ከዚህ ውጪ ላለው፣ ፕሮግራሞቹን ሳይሆን የመጫኛ ፋይሎቻቸውን በአንድ ፎልደር ሰብስቦ «ዲ» ላይ ማኖር ነው ዋጋ ያለው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ኮምፒውተርዎን በአንድ ቀን ወደነበረበት መመለስ ያስችልዎታል። የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ድርጅቶች ደግሞ ትኩረታቸው የመረጃው መቀመጫ ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ ፒችትሪ ሲጫን የፕሮግራሙን ቦታና የድርጅቱን መረጃ ቦታ ለየብቻ ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙ «ሲ» ላይ ቢጠፋ በሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ የዓመት ሒሳብ ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ዲስክ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል?

እንደ ዲስኩ ዓይነት ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ተከታታይ የሆነ ትልቅ ፋይል ሲያነብ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ያስተናግዳል፤ በሳታ ገመድ የሚገናኘው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ፣ 550 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል፤ በእናት ቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ደግሞ በሦስተኛው ትውልድ የመረጃ መስመር (ፒሲአይኢ) እንኳ እስከ 3500 ሜጋባይት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበበው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በየጊዜው በአካል መንቀሳቀስ ስላለበት፣ በተግባር የሚታየው መዘግየት ቁጥሮቹ ከሚሉት በላይ ነው። በየቀኑ የሚከፍቱት ፕሮግራም ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፤ አልፎ አልፎ የሚነካ ነገር፣ ፊልም፣ ሙዚቃና ባክአፕ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቢሆን አይጎዳም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ላፕቶፑ ከነአሮጌው ሃርድ ዲስክ ይኖርና ባለቤቱ አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቶ እንደ «ዲ» ያስገጥመዋል፣ ፕሮግራሞቹንም እዚያ ይጭናል፤ ዊንዶውስ ራሱ ግን በአሮጌው ላይ እየተጎተተ ይቀራል። ይህ ገንዘብን ማባከን ነው። ኤስኤስዲ ከገዙ መጀመሪያ ወደ እሱ መዛወር ያለበት ዊንዶውስ ነው፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሁለተኛ ሆኖ ሰነድ ይያዝ። ዲቪዲ ማጫወቻ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው በሚገባ መያዣ አሮጌውን ዲስክ መግጠም ይቻላል፤ መያዣው 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ከመግዛትዎ በፊት የወጣውን ማጫወቻ ይለኩ።

በዩኤስቢ በሚሰካ ዲስክ ላይ መጫንስ?

«ፖርተብል» ከሆነ ምንም አይደለም። ሌላውን ግን አልመክርም። ዲስኩ ሌላ ቀን ሲሰካ ሌላ ፊደል ሊይዝ ይችላል፤ ገመዱ ነቅነቅ ሲል ወይም መብራት ሄዶ የራሱ ኃይል መስጫ ያለው ዲስክ ሲጠፋ የተከፈተው ፕሮግራም ሥራውን ሳያስቀምጥ ይወድቃል። አማራጭ ከሌለዎት ቢያንስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ከፊደላቱ መጨረሻ አካባቢ ያለ ቋሚ ፊደል ይስጡት፣ መሰኪያውም ዩኤስቢ 3 ይሁን፤ ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም።

«ሲ» ጠቦኛል፤ መጀመሪያ ምን ላውጣ?

ከፕሮግራም በፊት ፋይል ያውጡ። «ዳውንሎድስ»፣ «ቪዲዮስ» እና «ፒክቸርስ» የሚባሉት ፎልደሮች እያንዳንዳቸው በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎኬሽን» የሚል ገጽ አላቸው፤ ከዚያ ወደ «ዲ» ሲዛወሩ ዊንዶውስም ፕሮግራሞቹም አዲሱን ቦታ ይከተላሉ። ፊልምና ትምህርት በቴሌግራም የሚያወርድ ሰው በቴሌግራም «ሴቲንግስ» ሥር «አድቫንስድ» ውስጥ የማውረጃውን ቦታ ወደ «ዲ» ይቀይር፣ እዚያው ያለውን የክምችት መጠንም ይገድብ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ሲ»ን የሞላው ሳይታወቅ የተጠራቀመው የቴሌግራም ፋይል ነው። ፎቶሾፕ የሚጠቀሙ ጊዜያዊ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን «ስክራች ዲስክ»፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ደግሞ የቪዲዮው ጊዜያዊ ክምችት የሆነውን የ«ሚዲያ ካሽ»ን ቦታ ከፕሮግራሙ «ፕሪፈረንስ» መቀየር ይችላሉ፤ ሁለተኛው ዲስክ ፈጣን ከሆነ ሥራውም ይቀላል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ «ሲ» ላይ ከጠቅላላው ከአሥር እጁ አንዱ እንኳ ባዶ ካልሆነ ያን ጊዜ ከባድ ፕሮግራሞችን ማራገፍና «ዲ» ላይ መጫን ይታሰባል።

ሁለተኛውን ዲስክ ብነቅለው ወይም ፊደሉን ብቀይረውስ?

ዊንዶውስ ይነሳል፤ «ዲ» ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ግን አይከፈቱም፣ ሾርትከቶቻቸውም ባዶ ይሆናሉ። ዲስኩ ተመልሶ በዚያው ፊደል ሲሰካ ሁሉም እንደነበረ ይሠራል፤ ሌላ ፊደል ይዞ ከመጣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ገብተው የቀድሞውን ይመልሱለት። ዲስኩን ለዘለቄታው ለማውጣት ካሰቡ ፕሮግራሞቹን ገና እንደተሰካ ያራግፉ፤ ከተነቀለ በኋላ ማራገፊያው ፋይል ራሱ ስለማይገኝ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የስቶር አፖች የሚቀመጡበትንም ቦታ ኮምፒውተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ወደ «ሲ» ይመልሱ።